የላቦራቶሪ ወረቀቱ «አስፐርጊለስ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ላይ አነስተኛ የበርበሬና የሽሮ ማዘጋጃ አለኝ። ዕቃዬን ለአንድ ሱፐርማርኬት ለማስረከብ የበርበሬ ናሙና አስመረመርኩ። ውጤቱ ‹አስፐርጊለስ ተገኝቷል› ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ላቦራቶሪው የላከልኝን የፔትሪ ዲሽ (የሻጋታ ማሳደጊያ ሳህን) ፎቶ ባዮሎጂ ለምትማረው የእህቴ ልጅ ባሳያት፣ አረንጓዴ ስለሆነ ፔኒሲሊየም ነው አለችኝ። ሌላ ሰው ደግሞ አስፐርጊለስ ማለት አፍላቶክሲን ማለት ነው፣ ሁሉንም ድፋው አለኝ። ለመሆኑ አስፐርጊለስ የሚባለው ምንድን ነው? መርዛማ መሆን አለመሆኑ በቀለሙ ይለያል? ፀሐይ ላይ ባሰጣውስ ወይም ቆልቼ ብፈጨውስ?»

ምላሽ፦ አስፐርጊለስ የአንድ ሻጋታ ስም አይደለም። የወገን ስም ነው፤ በላቦራቶሪ አጠራር ጂነስ የሚባለው። በ2020 በወጣው ዝርዝር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ወገን ስር ተቀባይነት ያገኙት ዝርያዎች 446 ናቸው። ከነሱ ውስጥ ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመርት አለ። የሰው ሳንባ ውስጥ የሚያድግ አለ። ጃፓኖች አኩሪ አተርና ሩዝ የሚያብላሉበት አለ። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባው ሲትሪክ አሲድ የሚመረትበትም አለ። የቀሩት ብዙዎቹ አፈር ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ገለባ ላይ ይኖራሉ። እኛን አያውቁንም፣ እኛም አናውቃቸውም። እንግዲህ ወረቀቱ የሰጠዎት መልስ ገና ጅምር ነው። አፍላቶክሲን አለ አላለም። የለም ብሎም አልመሰከረም።

«አስፐርጊለስ ማለት አፍላቶክሲን ማለት ነው» ያለዎት ሰው ሁለት ነገሮችን ቀላቅሏል። አስፐርጊለስ ሕይወት ያለው ሻጋታ ነው። አፍላቶክሲን ደግሞ ከሻጋታው ወጥቶ እህሉ ውስጥ የሚቀር ኬሚካል ነው። ይህን ኬሚካል የሚያመርቱት በዋናነት አስፐርጊለስ ፍላቩስና አስፐርጊለስ ፓራሲቲከስ፣ ከነሱም ጋር በቅርብ የሚዛመዱ ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። ሻጋታው ሞቶ መርዙ ሊቀር ይችላል። ሻጋታው በዓይን እየታየም መርዝ ላይኖር ይችላል። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ ከዚህ በታች የምመክርዎት ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው።

ምደባውን ከላይ ወደ ታች እንየው። ሻጋታ ዕፅዋት አይደለም፣ ባክቴሪያም አይደለም። ፈንገሶች ራሳቸውን የቻሉ ትልቅ ምድብ ናቸው። በውስጡ አስኮማይኮታ የሚባል ክፍል አለ፤ የዳቦ እርሾም የሚመደበው እዚያው ነው። የዚህ ክፍል አባላት በፆታዊ መንገድ ሲራቡ ስፖራቸውን፣ ማለትም እንደ ዘር ሆነው የሚራቡባቸውን ጥቃቅን ሕዋሳት፣ የሚያፈሩት በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከዚያ ዩሮቲዮማይሲትስ፣ ቀጥሎ ዩሮቲያሌስ፣ ከሱ ስር አስፐርጊላሴ የሚባለው ቤተሰብ ይመጣል። አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም ሁለቱም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የእህትዎ ልጅ የያዘችው መጽሐፍ ቆየት ያለ ከሆነ ቤተሰቡን ትሪኮኮማሴ ሊለው ይችላል። ያ ትልቅ ቤተሰብ በ2011 ለሦስት ተከፍሏል።

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያደናግረው ግን የድሮው የስም አሰጣጥ ነው። ፈንገስ ፆታዊ በሆነም ባልሆነም መንገድ ይራባል። ሁለቱ መልኮች ስለማይመሳሰሉ ለአንድ ፍጡር ሁለት ስም ይሰጠው ነበር። ዩሮቲየም፣ ኤመሪሴላ፣ ኒዮሳርቶርያ የሚሉትን ስሞች ካገኛችሁ ሌላ ሻጋታ እንዳይመስላችሁ። እነዚሁ አስፐርጊለሶች በፆታዊ መልካቸው ሲጠሩ ነው። በ2011 ሜልቦርን ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ለአንድ ፈንገስ አንድ ስም ይበቃል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ከ2013 ጀምሮ ይሠራል።

የዝርያ ቁጥሩም ባለበት አልቆመም። በ1965 ኬኔት ሬፐርና ዶሮቲ ፌኔል ወገኑን በዝርዝር ሲያጠኑ የተቀበሉት 132 ዝርያ ነበር። ዛሬ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነው ሻጋታው ስለበዛ አይደለም። ዲኤንኤ ማንበብ ስለተጀመረ፣ በማይክሮስኮፕ አንድ የሚመስሉት ብዙ ሆነው ስለተገኙ ነው። አሁን ወገኑ በስድስት ንዑስ ወገኖች፣ እነሱም በ27 ክፍሎች ተደልድለዋል። እርስዎን የሚያሳስበዎት ክፍል ፍላቪ የሚባለው ነው፤ አፍላቶክሲን አምራቾቹ በብዛት ያሉት እዚያ ነው።

አሁን ወደ መልኩ እንግባ። ስሙን ያወጣለት ፍሎረንስ ይኖር የነበረው ካህንና የዕፅዋት ተመራማሪ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ነው፤ ዓመቱ 1729 ነው። በማይክሮስኮፕ ያየው ቅርጽ ካቶሊክ ካህናት ጸበል የሚረጩበትን ዘንግ መሰለው። ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክብ ራስ፣ ከራሱ ዙሪያ የሚበተን ጠብታ። ይህን ሥዕል በአእምሮዎ ካስቀመጡት አስፐርጊለስን ከሌላ ሻጋታ ለመለየት ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

መሠረቱ ክር ነው። ክሮቹ ቀለም የላቸውም፤ በየመሃላቸው በግድግዳ የተከፋፈሉ ናቸው። ከክሩ ሕዋሳት አንዷ ግድግዳዋ ይወፍርና የእግር ሕዋስ ትሆናለች። ከእሷ ላይ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ክሩ የተከፋፈለ ቢሆንም ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ የለበትም፣ ከታች እስከ ላይ ወጥ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ያብጣል፤ ይህ እብጠት ቬሲክል ይባላል። ቬሲክሉ ላይ ፊያላይድ የሚባሉ፣ አንገታቸው የቀጠነ ሕዋሳት ጥቅጥቅ ብለው ይደረደራሉ። ስፖር የሚወለደው ከነሱ አፍ ነው። አንዱ ሲወጣ የቀደመውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌላው ይከተላል። እንዲህ እያለ ሰንሰለት ይሠራል። ስለዚህ ከሰንሰለቱ ጫፍ ያለው አንጋፋው ነው፤ ታናሹ ከስር፣ ከአፉ አጠገብ ነው። እነዚህ ስፖሮች ኮኒዲያ ይባላሉ። የብዙዎቹ ስፋት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት ከ50 ማይክሮሜትር በላይ እንደሆነ ሲያስቡ ለምን ከአቧራ ጋር አብሮ እንደሚበር ይገባዎታል። ከዕቃዎ ላይ በዓይን የሚያዩት ዱቄት መሳይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ሚሊዮኖች ኮኒዲያ ናቸው። ቀለሙ ያለው እነሱ ላይ ነው። ክሩ ራሱ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።

ዝርያ ከዝርያ ለመለየት የምናያቸው ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ፊያላይዱ ቬሲክሉ ላይ በቀጥታ ነው የተተከለው ወይስ መሃላቸው ሜቱላ የሚባል ሌላ ሕዋስ አለ? የቬሲክሉ ዙሪያ ሁሉ ነው የተሸፈነው ወይስ የላይኛው ግማሽ ብቻ? ሰንሰለቶቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል ወይስ እንደ አንድ ዓምድ ወደ ላይ ተሰልፈዋል? የዘንጉ ግድግዳ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ? አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ለምሳሌ ሜቱላ የለውም፣ የቬሲክሉ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው የሚሸፈነው፣ ሰንሰለቱም ዓምድ ይሠራል። ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ማደግ መቻሉም ይለየዋል። አስፐርጊለስ ናይጀር ትልቅ ክብ ቬሲክል፣ ሜቱላና ጥቁር ሻካራ ኮኒዲያ አለው። ፍላቩስ ደግሞ ዘንጉ ሻካራ ነው፤ በአንድ ማሳደጊያ ላይ ሜቱላ ያላቸውና የሌላቸው ራሶች ጎን ለጎን ይገኙበታል። አንዳንዱ ፍላቩስ ስክሌሮቲያ የሚባሉ ጠጣር ጥቁር ፍሬዎችም ይሠራል፤ ክፉ ጊዜን የሚያልፈው በነሱ ነው።

የእህትዎ ልጅ የተሳሳተችው በጣም ርቃ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱም አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ሁለቱም ስፖራቸውን በሰንሰለት ያወጣሉ። ግን በፎቶ አይፈረድም። ፔኒሲሊየም ቬሲክል የለውም፣ የእግር ሕዋስም የለውም። ዘንጉ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ ጫፉ አያብጥም፣ ቅርንጫፍ ያወጣል እንጂ። ይህን ለማየት በ400 እጥፍ የሚያጎላ ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃል። አንድ ተጨማሪ ፍንጭ አለ፦ ማሳደጊያውን 37 ዲግሪ ላይ ማቆየት። ብዙዎቹ ፔኒሲሊየሞች እዚያ ሙቀት ላይ ይደክማሉ ወይም ጭራሽ አያድጉም። ፍላቩስ ግን ይመቸዋል። ፎቶው ላይ ብቻ ተመርኩዘው ወረቀቱን ውድቅ አያድርጉት።

ቀለምስ? ቀለም ለመጠርጠር ይጠቅማል፣ ለመፍረድ አይበቃም። ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ፍላቩስን ያስጠረጥራል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ፉሚጋተስን፣ ጥቁር ናይጀርንና ዘመዶቹን፣ የቀረፋ ዓይነት ቡናማ ደግሞ አስፐርጊለስ ቴሬየስን ያስጠረጥራል። ግን ሻጋታው ሲያረጅ ቀለሙ ይቀየራል፤ ወጣት ሳለ ቢጫ አረንጓዴ የነበረው እየጠቆረ ይሄዳል። የሚበቅልበት ነገርም ቀለሙን ይለውጠዋል። በቀይ በርበሬ ላይማ በዓይን ቀለም መለየት ከባድ ነው። ደግሞም «ጥቁሩ አይጎዳም» የሚል ወሬ እሰማለሁ። ይህ ስህተት ነው። ከጥቁሮቹ መካከል አስፐርጊለስ ካርቦናሪየስና አንዳንድ የናይጀር ዓይነቶች ኦክራቶክሲን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ያመርታሉ።

ዝርያው ቢታወቅ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ሁሉም ፍላቩስ አፍላቶክሲን አያመርትም። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ አስፐርጊለስ ኦራይዜ ነው። ጃፓኖች ሳኬ፣ ሚሶና የአኩሪ አተር ስጎ የሚያዘጋጁበት ይህ ሻጋታ ከፍላቩስ የወጣ፣ ሰው ለብዙ ዘመን ያላመደው ነው። አፍላቶክሲን የሚያሠሩት ጂኖች ብዙዎቹ ውስጡ አሉ፤ ግን አይሠሩም። ሁለቱን በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት ልምድ ላለው ሰውም ያስቸግራል። በናይጄሪያና በኬንያ ደግሞ መርዝ የማያመርቱ የፍላቩስ ዓይነቶች ተመርጠው ማሳ ላይ ይበተናሉ። መርዘኞቹን ቦታ ያሳጧቸዋል። እንግዲህ የሻጋታ ስም ብቻ ይዞ ምግብን መፍረድ አይቻልም ስል ይህን ሁሉ አስቤ ነው።

ይህን ስላልኩ ግን ነገሩ ቀላል ነው ብለው እንዳይዘናጉ። አፍላቶክሲን መጀመሪያ የታወቀው በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ካለቁ በኋላ ነው። በ2004 ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ እርጥበት የገባው በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ። ይህ በብዛት ሲበላ የሚመጣው ነው። በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር በሚያስከትሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስፍሮታል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ አደጋው ይባባሳል። በአገራችንም በ1996 የወጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከተሰበሰበ ሽሮና ከተፈጨ በርበሬ መርዙን አግኝቷል። ከምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝም ተገኝቷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ ሲገኝ ደግሞ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር።

ፀሐይና ምጣድ መርዙን አያጠፉልዎትም። ፀሐይ እርጥበት ያወጣል፤ ሻጋታው ገና ካልገባ ይከላከላል። አስቀድሞ ዛላው ውስጥ የገባውን አፍላቶክሲን ግን አያወጣውም። የሽሮ እህል ሲቆላ ሻጋታው ይሞታል። መርዙ ግን የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። መቁላት መጠኑን ሊቀንስ ይችላል፤ ምን ያህል እንደቀነሰ ግን ምጣዱ አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ ሰው የለም። መቀቀልማ ምንም ያህል አይነካውም። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ መልቀም አይቻልም፤ አንድ የተበከለ ዛላ ጠቅላላውን ያዳርሳል። ብዙ ሰው «ከጥሩው ጋር ቀላቅለው» ይላል። አይቀላቅሉ። ጥሩውን ያበላሹታል እንጂ መጥፎውን አያድኑትም።

ስለዚህ የማያወላውል ምክሬ ይህ ነው፦ ይህን ዙር በርበሬ አሁን አይሽጡ፣ አይድፉም። ለብቻው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡና የመርዝ ምርመራ ይጠይቁ። ላቦራቶሪውን «ሻጋታ እዩልኝ» ብለው አይጠይቁት። «አፍላቶክሲን ቢ 1፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲን፣ ኦክራቶክሲን ኤ እና የእርጥበት መጠን ለኩልኝ» ይበሉ። ቢ 1 ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች አንዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው ቢ 1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲን 10፣ ኦክራቶክሲን 20 ነው። የሚያስረክቡት ሱፐርማርኬት የሚጠይቀውን ልክ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልነገሩዎት በዚህ ይለኩ። ከልኩ በታች ከሆነ ይሽጡ። ከልኩ በላይ ከሆነ ለሰውም ለከብትም አይሁን። ላም የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ያንን ወተት ደግሞ ሕፃናት ናቸው የሚጠጡት።

ናሙናው ላይ ልጠንክርብዎት። መርዙ በማዳበሪያው ውስጥ እኩል አይበተንም። አንዱ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ጥግ ሊበከል ይችላል። ከአንድ ማዳበሪያ አናት ላይ አንድ ጭብጥ ዘግኖ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁሉም ማዳበሪያ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ወስደው በአንድነት ያስፈጩ፣ በደንብ ያደባልቁ፣ ከዚያ ላይ ይላኩ። ግማሹን አሽገው ለራስዎ ያስቀሩ። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት አይቶ «አበራ፣ መርዝ አለው» የሚልዎት ካለም አይመኑት። የሚያበራው ብዙ ጊዜ ሻጋታው የሚያመርተው ሌላ ነገር ነው፤ አፍላቶክሲን ኖሮም ላያበራ ይችላል።

ለወደፊቱ ግን ትግሉ ከሻጋታው ጋር አይደለም፤ ከእርጥበት ጋር ነው። የአስፐርጊለስ ኮኒዲያ አየር ላይ፣ አፈር ላይ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሁልጊዜም አለ። ማጥፋት አይቻልም። ማብቀል ግን መከልከል ይቻላል። የሚገዙት ዛላ እርጥበቱ ከ11 በመቶ በላይ እንዳይሆን ያድርጉ። በእጅ ሲታጠፍ ሳይሰበር የሚተጣጠፈውን ይመልሱት። አንዳንድ ነጋዴ ዛላው እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ይረጭበታል። ያ ዛላ በጥቂት ቀን ውስጥ የፍላቩስ ማሳ ይሆናል። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ መግዛት ቢከብድ እንኳ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርተው ይግዙት። ሽሮ ላይ አደገኛው ጊዜ እህሉ ከተነከረና ከተነፈረ በኋላ ያለው ነው። ያን ጊዜ ሸራ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት። መሬት ላይ በቀጥታ አይሁን፤ ሌሊት ጤዛ ሳይነካው ይሰብሰብ። መጋዘን ውስጥ ማዳበሪያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጡ፣ ከግድግዳ ይራቁ። ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡት ከሆነ አየር የማያስገባውን፣ ውስጡ ባለ ሁለት ፕላስቲክ ከረጢት ይጠቀሙ። እርጥቡን ግን እሱ ውስጥም አይክተቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሠራተኞችዎ። ዛላ የሚለቅሙትና ወፍጮ ላይ የሚቆሙት ይህን ኮኒዲያ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሱታል። ጤነኛ ሳንባ ይቋቋመዋል። ነገር ግን ሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው ሳንባው ውስጥ ክፍተት ቀርቶ ከሆነ፣ ፉሚጋተስ እዚያ ውስጥ ኳስ ሠርቶ ሊያድግና ደም ሊያስተፋ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ሊባባስበት ይችላል። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ገዳይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ፉሚጋተስን እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት አራት ፈንገሶች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ የጤና ታሪክ ያለው ሠራተኛ ከለቀማና ከወፍጮ ወደ ማሸግ ይዛወር። ለሌሎቹም አፍና አፍንጫ በደንብ የሚገጥም ማስክ ይግዙላቸው፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር አያግድም። የሻገተ ዛላ ሲያገኙም አሽትተው አያረጋግጡ። በላስቲክ ቋጥረው ያውጡት።